ልፈርም ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሰሞኑን አንድ ፎቶ ስልኬ ላይ ደረሰኝ። ሰውየው ከገደለው አንበሳ አጠገብ ተንበርክኮ፣ ጎፈሩን ጨብጦ ይስቃል። ደሜ ፈላ። ወንድሜ ደግሞ «እሱ የከፈለው ገንዘብ እኮ ነው የቀሩትን አንበሶች የሚያኖራቸው» ብሎ ሙግት ገጠመኝ። አሁን የትሮፊ አደን (ገንዘብ ከፍሎ አውሬ ገድሎ፣ ጭንቅላቱን ወይም ቆዳውን ለመታሰቢያ መውሰድ) በየትም አገር እንዲታገድ የሚጠይቅ ፊርማ እየተሰበሰበ ነው። ልፈርም ወይስ ልተው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደምሽ በመፍላቱ አልፈርድብሽም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በዱር እንስሳት ጥበቃ ሙያ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ ባየሁ ቁጥር ግን ዛሬም ሆዴን ያመኛል። ነፍስ አጥፍቶ በደስታ መፈንደቅ አይገባኝም። ገንዘብ ስለተከፈለበትም ደግ ሥራ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ዚምባብዌ ውስጥ ሴሲል የተባለው አንበሳ ሲገደል ዓለም ተንጫጭቶ ነበር። የህዋንጌ ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚዎች የሚወዱት፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም አንገቱ ላይ መከታተያ ያሰሩለት አንበሳ ነበር። መጀመሪያ በቀስት ቆሰለ፤ የሞተው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። ትልልቅ አየር መንገዶች ከዚያ ወዲህ የአደን ትሮፊ አንጭንም አሉ። ከብቱ የተበላበት አርቢ መርዝ አብልቶ ለሚገድለው አንበሳ ግን እንዲህ የሚጮህ የለም። ፎቶ የለውማ! አንበሳን በዋናነት እየጨረሰው ያለው ደግሞ ይኸው ከአርቢ ጋር ያለው ግጭት፣ የመኖሪያው መጥበብና የሚበላው እንስሳ ማለቅ ነው።

እዚህ ላይ ወንድምሽ እውነት አለው። ዝሆን የዓመት ቀለቡን በአንድ ሌሊት የሚያወድምበት ገበሬ ዝሆኑን የሚታገስበት ምክንያት ይፈልጋል። ናሚቢያ በ1996 ባወጣችው ሕግ የገጠር ሰዎች ተደራጅተው ከዱር እንስሳት እንዲጠቀሙ ፈቀደች። ከአደኑ የሚገኘው ገንዘብ ለጥበቃ ሠራተኞች ደሞዝ ይውላል፤ ሥጋውም ለነዋሪው ይከፋፈላል። ቦትስዋና አደኑን በ2014 አግዳ በ2019 መልሳ ፈቀደች፤ ዝሆን ያስመረራቸው የገጠር ሰዎች ስሞታ አንዱ ምክንያት ነበር። ኬንያ ከ1977 ጀምሮ እንዳገደች ናት፤ የዱር እንስሳቷ ቁጥር ግን ከዚያም ወዲህ ክፉኛ አሽቆልቁሏል።

ወንድምሽ የዘለለው ነገርም አለ። የተገደለው የትኛው አንበሳ ነው? አውራው ሲሞት ሌላ ወንድ መንጋውን ይወርሳል። ደቦሎቹን ይፈጃቸዋል፤ እናቶቻቸው ቶሎ ለእሱ እንዲወልዱለት። በአንድ ጥይት የሚጠፋው ብዙ ነፍስ ነው። ታንዛኒያ ስድስት ዓመት ያልሞላው አንበሳ እንዳይታደን የደነገገችው ለዚህ ነው። ዕድሜው በምን ይታወቃል? በአፍንጫው። የወጣት አንበሳ አፍንጫ ሮዝ ነው። እያደር ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣበታል፤ ስድስት ዓመት ሲጠጋ ከግማሽ በላዩ ይጠቁራል። አዳዲስ ጠባቂዎችን ሳሠለጥን «ጎፈሩን ተዉት፣ አፍንጫውን እዩ» ማለት አይሰለቸኝም ነበር። አዳኙ ግድግዳው ላይ ሊሰቅል የሚመኘው ግን ጎፈሩን ነው። ጎፈር ደግሞ አንበሳው ገና ደቦሎቹን ሳያደርስ ሞልቶ ያምራል። እኔን የሚያሰጋኝ ይሄ ነው።

ገንዘቡም ቢሆን መንደር ድረስ የሚዘልቀው በሁሉም አገር አይደለም። ኩባንያና ቢሮ ላይ የሚቀርበት ቦታ ሞልቷል።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ በአጥር ተረብተው፣ ደቦል ሳሉ ቱሪስት እያሻሸ ፎቶ ተነስቶባቸው፣ ሲያድጉ በአጥር ውስጥ የሚገደሉ አንበሶች አሉ። ማምለጫ እንኳ የላቸውም። ይህን ጥበቃ ብሎ የሚጠራ ሰው አይከራከረኝ። የአገሪቱ መንግሥትም በ2021 ላስቆመው ነው ብሎ አስታውቋል።

ስለዚህ ፊርማው በአጥር የተረቡትን የሚመለከት ከሆነ ዛሬውኑ ፈርሚ። በየትም አገር ሁሉም ይታገድ የሚል ከሆነ ግን እኔ አልፈርምም። አዘጋጆቹን ጠይቂያቸው፦ ከአንበሳና ከዝሆን ጋር ጎን ለጎን የሚኖረው ሰው በአደኑ ምትክ ምን ያገኛል? ቱሪዝም ካሉሽ፣ ቱሪስት ዝር የማይልበት ሩቅ ጫካስ? የጠባቂዎቹን ደሞዝ ማን ይከፍላል? በግልጽ ከመለሱልሽ መልሱን ለእኔም ላኪልኝ፤ አብሬሽ እፈርማለሁ።