የወንዝ ጤና በዲኤንኤ ይለካል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ለማስተርስ ጥናትሽ አዲስ አበባን የሚያቋርጠውን የትንሹ አቃቂ ወንዝ ጤንነት ውሃው ውስጥ ካሉት ባክቴሪያዎች ዲኤንኤ ማወቅ ይቻል እንደሆነ፣ አንድ ዙር ናሙናም ይበቃሽ እንደሆነ ጠይቀሻል። ይቻላል። አንድ ዙር ግን አይበቃሽም።

እኔም እዚሁ ወንዝ ላይ ነው የጀመርኩት። ጥር ላይ ከላይኛው ጫፍ ግማሽ ሊትር ባክቴሪያ በሚያስቀር የ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ አሳለፍኩና «ይሄማ ቀላል ነው» አልኩ። ነሐሴ ስመለስ ወንዙ ጭቃ ሆኗል። 80 ሚሊ እንኳ ሳያልፍ ማጣሪያው ቡና መስሎ ድፍን አለ፤ ሲሪንጁን ስገፋ ስገፋ መዳፌ ላይ ቀይ ክብ ታተመ። ላብ ስገባ ደግሞ ዲኤንኤውን የሚያባዛው ፒሲአር እምቢ! ዲኤንኤ ጠፍቶ አይደለም፣ ከአፈሩ የመጣው ሁሚክ አሲድ የማባዣውን ኢንዛይም አፍኖት ነው። 10 እጥፍ ሳቀጥነው የተባዛው ዲኤንኤ መስመር (ባንድ) ቁልጭ ብሎ ወጣ። በክረምት ከሄድሽ መጀመሪያ ሰፋ ባለ ማጣሪያ ጭቃውን አስቀሪ፣ ግን እሱንም እንዳትጥዪው፤ ጭቃው ላይ የተጣበቁት ባክቴሪያዎች እዛው ናቸው። ስንት ሚሊ እንዳለፈ እዛው ወንዙ ዳር ጻፊ። ንጹሕ ውሃም በዛው ዕቃ አጣርተሽ ዲኤንኤውን አብረሽ አስነብቢ፣ አለበለዚያ የራስሽን እጅ ባክቴሪያ ስታጠኚ ትከርሚያለሽ።

ባክቴሪያዎቹ የሚለዩበት 16ኤስ ጂን ሲነበብ የሚመጣልሽ ስምና ድርሻ ነው፣ «ወንዙ ታሟል» የሚል ወረቀት አይመጣም። ከከተማው በላይ ያለውን ጅረት ካልያዝሽ ከምን ጋር ታወዳድሪዋለሽ? ታች ላይ ባክቴሮይድስና አርኮባክተር ከበዙ የሽንት ቤት ፍሳሽን ጠርጥሪ። ድርሻው ግን በመቶኛ ነውና አንዱ ሲጨምር ሌላው ሳይቀንስ የቀነሰ ይመስላል፤ ትክክለኛ ብዛት ከፈለግሽ የጂኑን ብዛት የሚለካውን ኪውፒሲአር ጨምሪበት። የሞቱትም ዲኤንኤ እንደሚነበብ አትርሺ።

እኔ በጣም ያፈርኩበት ግን ሌላ ነው። ታችኛው ቦታ ላይ የዝርያው ዓይነት ስለበዛ «ይሄኛው ይሻላል» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ አንብቦ ሳቀብኝ። ለካ ፍሳሹ ራሱ የአንጀቱንም የቱቦውንም ባክቴሪያ ይዞ ገብቶ ነው ቁጥሩን ያሳበጠው። እዛው ቦታ የሟሟውን ኦክስጅን ለክቼ ስለነበር ነው የተረፍኩት፤ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነበር፣ ወንዙ እዛ ታፍኗል ማለት ነው።

ስለዚህ ገንዘብሽ ካጠረ አስር ቦታ አንዴ ከምትዞሪ ሦስት ቦታ በበጋም በክረምትም ሂጂ፣ ከየቦታው ሦስት ሦስት ናሙና ያዢ። የኦክስጅን መለኪያውን ከመውጣትሽ በፊት አስተካክዪው፣ ባትሪውንም እዪ።