ጥቁሩ ሰንጢዬ ለምን ዛገ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ ዓሣ አጠምዳለሁ። አምና ጥቁር ልባጥ ያለው ታጣፊ ሰንጢ ገዛሁ። ያልተለበጠው በ30 ዶላር ይረክስ ነበር፣ ሻጩ ግን «ይኼኛው በጭራሽ አይዝግም» ስላለኝ ጨምሬ ወሰድኩት። ብረቱ ዲ2 የሚባለው ዓይነት ነው። አሁን ስለቱ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አውጥቷል፣ ማጠፊያው ውስጥም ዝገት አለ። ጥቁሩ ጎኑ ግን እንደ አዲስ ነው። ተሸወድኩ እንዴ?

መልስ፦ ልባጡስ ሥራውን ሠርቷል ወንድሜ። ውሸቱ «በጭራሽ» የምትለዋ ቃል ናት።

ሰንጢ ሲሠራ መጀመሪያ ጎኑ ይለበጣል፣ ስለቱ የሚወጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የሚቆርጠው ጠርዝ ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ራቁቱን ነው። እስቲ አውጣና መብራት ስር አየው፤ ከጥቁሩ ጎን በታች ክር የምታክል ብርማ መስመር አለች። እሷ ላይ ምንም ልባጥ የለም፣ በሞረድከው ቁጥር ደግሞ እየሰፋች ትሄዳለች። ዝገቱ የጀመረው እዚያ ነው። ማጠፊያው ውስጥ ያለው ደግሞ ጨው ውሃ ገብቶ ሳይደርቅ ያደረበት ነው።

ብረቱም የራሱ ችግር አለበት። ብረት «የማይዝግ» ለመባል ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ይፈልጋል፣ ዲ2 ደግሞ 12 በመቶ ገደማ አለው። ታዲያ ለምን ይዝጋል? ካርቦኑ ስለሚበዛ ነው፣ 1.5 በመቶ ይጠጋል። ካርቦኑ ከክሮሚየሙ ላይ ይሻማና ብረቱ ውስጥ ጠንካራ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል። ስለቱ ቶሎ የማይደንዘው በዚህ ነው፣ ዝገት ለመከላከል የሚተርፈው ክሮሚየም ግን ያንሳል። ገመድና ካርቶን ለሚቆርጥ ሰው ግሩም ብረት ነው፣ ለባሕር ግን አልመክረውም።

ልባጡ ስንት ዓመት ይቆያል ካልከኝ፣ እንደ ዓይነቱ ነው። ጥቁር ሁሉ አንድ አይደለም። ዲኤልሲ የሚባለው፣ ማለትም አልማዝ መሰል ካርቦን፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ክፍል ውስጥ ብረቱ ላይ እንዲያርፍ የሚደረግ ስስ ልባጥ ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ማይክሮን ነው፤ አንድ ዘለላ ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ እንደሚሆን አስብ። ስስ ይሁን እንጂ በጣም ጠንካራ ነው። መሰርሰሪያ ላይ የምናየው ወርቃማው ቲታኒየም ናይትራይድም ስስና ጠንካራ ነው። ርካሾቹ ግን ብዙዎቹ ቀለም ናቸው። ወፍራም ስለሆኑ ካርቶን ስትቆርጥ እየተያዙ ያስቸግሩሃል፣ ከዚያ መላላጥ ይጀምራሉ። ብላክ ኦክሳይድ የሚባለው ደግሞ ዘይት ካልጠጣ ዝገት አይመልስም።

እኔ ሁሌ ኪሴ የማይጠፋው ዲኤልሲ ሰንጢ አራት ዓመቱ ነው። ስንት ካርቶን ቀዷል! ከስለቱ ከፍ ብሎ ጥቁሩ ሳስቶ ግራጫ ሆኗል። ሥሩ አካባቢ ደግሞ፣ መቆለፊያው ላይ ያለችው ትንሽ የብረት ኳስ በከፈትኩትና በዘጋሁት ቁጥር የምትሄድበት፣ ቀስት የመሰለ ጭረት አለ። የተላጠ ቦታ ግን የለውም። ከእሱ በፊት የነበረኝ ቀለም ቅብ በስድስት ወሩ ነው የተላጠው። ዲኤልሲ ጎኑን ከጭረትና ከዝገት ይጠብቃል፣ ፀሐይ ላይም አያብለጨልጭም። ስለቱ ስል ሆኖ እንዲቆይ ግን አያደርግም፣ ያ የብረቱ ሥራ ነው።

ያንተን አትጣለው። ነጠብጣቡን ሞረድ ያነሳዋል። ከባሕር ስትመለስ በንጹሕ ውሃ እጠበው፣ ማጠፊያውን ከፈት ዘጋ እያደረግህ ውሃውን አስወጣ፣ ሲደርቅ አንድ ጠብታ ዘይት ማጠፊያው ላይ፣ ስስ አድርገህ ደግሞ ስለቱ ላይ። በብረት ሽቦ ግን አትፈትገው። ሌላ ልትገዛ ከሆነ 30 ዶላሯን ለብረቱ ጨምራት፦ ኤች1 ወይም ኤልሲ200ኤን የተባሉት ካርቦናቸው ትንሽ ስለሆነና ናይትሮጅን ስላለባቸው ለጨው ውሃ የሚሆኑ ናቸው። ልባጥ እንኳ አያስፈልጋቸውም።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ከፈረንሳይ ኦፒኔል ቁጥር 8 የሚባል ሰንጢ አመጣችልኝ፣ ብረቱ ላይ ካርቦን የሚለውን ነው። ሎሚ ብቆርጥበት ጠቆረብኝ። ጥቁር ላስቀባው ይሆን? ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ ኧረ በፍጹም እንዳታስቀቢው እህቴ! የጠቆረው የሎሚው አሲድ ነክቶት ነው፣ ጉዳት የለውም። መፍራት ያለብሽ ቀዩን ዝገት ነው። ጥቁሩ ተጣብቆ ይቀመጣል፣ ቀዩንም ያዘገያል። እንዲያውም እኩል እንዲጠቁር ከፈለግሽ ወፈር ያለ ቡና አፍልተሽ፣ ትኩስ እያለ ብረቱን ብቻ ንከሪውና ለጥቂት ሰዓታት ተይው። የቤታችን ቡና ይበቃል። እጀታው ግን እንዳይነካ፤ እንጨት ስለሆነ ውሃ ከጠጣ ያብጥና ሰንጢው አልከፈት ይልሻል። አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ከፋርማሲ ፓራፊን ዘይት ቀቢው። የኑግ ዘይት አይሆንም፣ ውሎ ሲያድር ይጣበቃል።