የሎሚሽን ቅጠል ገልብጠሽ እዪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ ራሴን አየሁት። «ጅማ ነው የምኖረው። ግቢዬ ቢራቢሮ ይመጣል። በስልኬ ላነሳ ጠጋ ስል ብን ይላል፤ ያነሳሁትም ብዥ ያለ ነው። ምን ካሜራ ልግዛ? ብዙ እንዲመጡስ ምን ልትከል?» ነው ያልሽው። ስለ ካሜራው አጭሩ መልስ «አትግዢ» ነው። ረጅሙ መልስ ግን ቡና ይፈልጋል፤ አፍልተሽ ነይ።

እኔም ጅማ ነኝ። ኮቺ አካባቢ ተከራይቼ ስኖር ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ግቢያችን ጠባብ ናት። አንድ ሎሚ፣ ሁለት አቮካዶ፣ አጥሩ ሥር ጥቂት እግር ቡና፣ ኩሽናው በር ላይ ጤና አዳምና ዳማ ከሴ፣ ከኋላ ግራዋ። በቃ። ያንቺም ግቢ ከዚህ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። ለቢራቢሮ ደግሞ ይኼ ይበቃል።

የመጀመሪያውን ዓመት በሩጫ ነው የጨረስኩት። ስልኬን ዘርግቼ ከአበባ አበባ ስራወጥ አከራዬ እማማ በረንዳቸው ላይ ሆነው ይስቁብኝ ነበር። ከዚያ ብሶብኝ ከአንድ ሱቅ ስልክ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ሌንስ ገዛሁ። ሻጩ «ጉንዳን ዝሆን ያደርግልሃል» አለኝ። አልዋሸም። ችግሩ ሌንሱ አጥርቶ የሚያሳየው ሁለት ሦስት ጣት ያህል ስትጠጊ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ የምታስጠጋ ቢራቢሮ ወይ ሞታለች፣ ወይ ልትሞት ነው። አሁን የእማማ የልጅ ልጅ ጉንዳን ያይበታል።

ነገሩ የተቀየረው በሎሚው ዛፍ ነው። አንድ ቀን እማማ ጠርተውኝ «ይኼን ትል አራግፍልኝ፣ ሎሚዬን ጨረሰው» አሉኝ። ሄጄ ሳይ ትል የለም። የወፍ ኩስ ብቻ ነው ቅጠሉ ላይ ያለው። ጣቴን ሳስጠጋ ኩሱ ተንቀሳቀሰ! ከጭንቅላቱ ጀርባ ብርቱካንማ ሹካ የመሰለ ነገር ብቅ አደረገብኝ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ዘልዬ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ።

ያ የሎሚ ቢራቢሮ ልጅ ነው። ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ይሏታል በሳይንሱ፤ ትልቋን፣ ጥቁር ላይ ቢጫ የተረጨባትን መቼም አይተሻታል። እናትየው ለጋ የሎሚና የብርቱካን ቅጠል እየመረጠች፣ ክብ ፈዛዛ ቢጫ እንቁላሏን አንድ አንድ እያደረገች ትጥላለች። ትሉ በልጅነቱ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ወፍ ደግሞ የራሷን ኩስ አትበላም። ከፍ ሲል አረንጓዴ ሆኖ ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል። ሹካው ጠላት ሲመጣበት የሚያወጣው ነው፤ ሰው ላይ ምንም አያደርግም።

እማማን ለመንኳቸው። «ሎሚው ትልቅ ነው፣ ጥቂት ቅጠል ቢበሉት አይጎዳም» አልኩ። «አንተ ነህ እንግዲህ ሎሚ የምትገዛልኝ» ብለው ተዉልኝ። እስከ ዛሬ አልገዛሁም፤ ዛፉ ያፈራል። ችግኝ ከሆነ ግን ለብቻው ነው፤ አምስት ትል አንዲት ትንሽ ችግኝ ራቁቷን ሊያስቀራት ይችላል። እንደዚያ ሲሆን ትሎቹን ከነቅጠላቸው ወደ ትልቁ ዛፍ አዛውራቸዋለሁ።

ለፎቶ ያለው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ትሉ ሲጠግብ ግንድ ወይም ቅርንጫፍ ላይ ራሱን በቀጭን ክር አስሮ፣ ቢራቢሮ እስኪሆን የሚቆይበት የራሱ ቅርፊት ውስጥ ይገባል። ቅርፊቱ እንደ ቦታው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ይሆናል። የኔዎቹ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያሉ። መውጫቸው ሲደርስ ቅርፊቱ ይጠቁርና የክንፉ ቀለም በስሱ ይታያል። ያን ቀን ካየሽ በማግስቱ በጠዋት ተነሺ። አዲሷ ቢራቢሮ ስትወጣ ክንፏ እርጥብና ጭምድድ ያለ ነው። እስኪዘረጋና እስኪደርቅ ድረስ ተንጠልጥላ ትቆያለች፤ መብረር አትችልም። በሕይወቴ ያነሳኋት ምርጥ ፎቶ በዚያ ሰዓት፣ በዚሁ ተራ ስልክ የተነሳች ናት። አትንኪያት ብቻ። ያኔ ክንፏ ከታጠፈ ታጥፎ ይቀራል።

አንዳንዴ ታዲያ ከጠበቅሽው ቅርፊት ቢራቢሮ አይወጣም። ዝንብ ወይም ትንሽ ተርብ ይወጣል፤ እናቱ ትሉ ላይ ወይም ውስጡ ቀድማ እንቁላሏን ጥላ ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ሲገጥመኝ ተናድጄ ነበር። አሁን እሱንም አነሳዋለሁ።

ወደሚበሩት እንምጣ። ቢራቢሮ ለመብረር ሰውነቷ መሞቅ አለበት። የጅማን ጠዋት ታውቂዋለሽ፤ ጉሙ ሳይገፈፍ የትም አትሄድም። ፀሐይ መውጣት ስትጀምር ክንፏን ዘርግታ ቅጠል ላይ ትሞቃለች። እኔ ግቢ ይኼ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ ነው። ከአምስት ሰዓት በኋላ ሙከራው ድካም ነው፤ ሁሉም ሞቆት ይከንፋል።

ስትጠጊያት ቁመሽ አትምጪ። ዝቅ በዪ፣ ቀስ በዪ፣ ከሁሉ በላይ ጥላሽ እንዳያርፍባት ተጠንቀቂ። አብዛኛው ቢራቢሮ ያመለጠኝ በጥላዬ ነው። ከሩቅ አንድ አንሺ፣ አንድ እርምጃ ቅረቢ፣ ደግሞ አንሺ። ብትበር አትከተያት። ቁጭ በዪና አበባውን ጠብቂ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው አበባ ላይ ትመለሳለች፣ ካልሆነም ሌላዋ ትመጣለች። ትንሽ ዱካ ላይ ተቀምጦ ቡና መጠጣት ከሩጫው በአሥር እጥፍ ፎቶ ሰጥቶኛል።

ስልኩ ላይ የማደርገው ትንሽ ነው። መጀመሪያ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ እጠርጋለሁ። አትሳቂ፣ ግማሹ ብዥታ የጣት ቅባት ነው። ክርኔን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ በሁለት እጄ እይዛለሁ። ከአንድ ክንድ ርቀት አነሳና በኋላ እቆርጠዋለሁ፤ ዙሙን እስከ መጨረሻ መጎተት ሥዕሉን ያፈርሰዋል። ስክሪኑ ላይ ዓይኗን ነክቼ ፎከሱን አስይዛለሁ፤ ነጭ ቢራቢሮ ከሆነች ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አደርጋለሁ፣ አለበለዚያ ክንፏ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይወጣል። ስልኩን ከክንፏ ጋር ትይዩ ካደረግሽው ሁለቱም ጫፍ ይጠራል። ከዚያ ቁልፉን ተጭኖ ሃያ ሠላሳ ማንሳት፣ ማታ ሁለቱን አስቀርቶ ሌላውን ማጥፋት። ከጀርባዋ ያለውንም እዪ። እኔ አንድ ግሩም ፎቶ አለኝ፤ ከኋላ ገመድ ላይ የተሰጣ ካልሲ ባይኖርበት።

ከኔ በፊት የመለሰልሽ አንድ ወንድማችን «ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ አቆይተሽ አውጪያት፣ አትበርም» ብሎሻል። ተይው ባክሽ። የደነዘዘች ቢራቢሮ ፎቶዋም የደነዘዘ ነው፤ እግሯ አይቆምም፣ ክንፏ ይዘምማል። ሲነጋ በጉም የቀዘቀዘችው ትበቃሻለች።

አበባ ብቻ አትጠብቂ ደግሞ። ዕቃ የምናጥብበት ቧንቧ ሥር ሁልጊዜ ጭቃ አለ። ፀሐይ ሲወጣ ትናንሽ ቢጫና ሰማያዊ ቢራቢሮዎች እዚያ ይሰፍራሉ። በብዛት ወንዶቹ ናቸው፤ ከጭቃው ጨው ይመጥጣሉ። ሲመጥጡ ልባቸው ሌላ ቦታ ስለሌለ በጣም ያስጠጋሉ። ሌላው የበሰበሰ ፍሬ ነው። ሙዝ ወይም ማንጎ ሲያልፍበት ከመጣል አቮካዶው ሥር ሰሐን ላይ አድርጊው። ካራክሲስ የሚባሉት፣ ደረታቸው ወፍራም፣ ብዙዎቹ ከኋላ ክንፋቸው ሁለት ሁለት ጭራ ያላቸው፣ እንደ ጥይት የሚከንፉት፣ አበባ እምብዛም አይቀምሱም፤ የሚመጡት ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ እማማ ጠላ ጠምቀው አተላውን ደፍተውት ሦስት ካራክሲስ ሰፍረው አገኘሁ። እስኪጠግቡ ድረስ በአንድ ክንድ ርቀት ቀረጽኳቸው።

ለጀማሪ የምመርጥልሽ ብርቱካንማዋን ነው፤ የክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለባትን፣ ዳናውስ ክራይሲፐስን። ዝግ ብላ ነው የምትበርረው፣ ማን ይነካኛል ባይ ናት። በትልነቷ ነጭ ወተት ያላቸውን መርዛም ተክሎች ስለምትበላ ሰውነቷ ይመርራል፤ ወፍ አንዴ ቀምሳት አይደግማትም። ልብ በዪ ግን፣ አስመሳይ አላት። የሌላ ዓይነት ቢራቢሮ ሴቷ፣ ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ፣ መርዝ ሳይኖራት የእሷን ልብስ ለብሳ ትዞራለች። የኋላ ክንፏን እዪ፤ መሃሉ ላይ ሦስት አራት ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች ካሉ እውነተኛዋ ናት፤ ከላይኛው ጠርዝ አንድ ብቻ ከሆነ አስመሳይዋ ናት። የአስመሳይዋ ወንዱ ደግሞ ጭራሽ አይመስላትም፤ ጥቁር ሆኖ ሐምራዊ ዙሪያ ያላቸው ትልልቅ ነጭ ክቦች አሉት። እኔ ስምንት ወር ሙሉ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ሳላውቅ በአንድ ፎልደር አስቀምጫቸው ነበር።

ስለ ማስመሰል ካነሳን፣ ፓፒሊዮ ዳርዳነስ የምትባል ቢጫና ጥቁር ባለ ጭራ አለች። በብዙ የአፍሪካ አገራት ሴቶቿ ጭራ የላቸውም፣ መርዛም ቢራቢሮዎችን ነው የሚመስሉት። የኛ አገር ሴቶች ግን ጭራቸውን አልጣሉም፤ ወንዱን የሚመስሉም አሉ። ይኼን ለቡና ጎረቤቶቼ ስነግር አንዷ «የሐበሻ ሴት መቼ ተለወጠች» አለች። ሳይንስ ባይሆንም ወደድኩት።

ምን ልትከል ላልሽው፦ ሎሚ ካለሽ ግማሹን ጨርሰሻል። ግራዋውን ሙሉ በሙሉ አትከርክሚው፤ በበጋ ሲያብብ ንቡም ቢራቢሮውም እዚያ ነው። በሶብላና ዳማ ከሴውን ጥቂቱን ተይውና ያብብ። ዚንያ የሚባለውን አበባ ዘርተሽ ብታበቅዪ ማረፊያ ጠረጴዛ ይሆናቸዋል። የወፍ ቆሎን ቢራቢሮ በጣም ይወደዋል፤ ግን አዲስ አትትከዪ፣ መጤ ነው፣ አንዴ ከያዘ ሜዳውን ይወርሰዋል። አጥርሽ ላይ ካለ እየገረዝሽ ያዢው። መድኃኒት መርጨት ካለብሽ ደግሞ ሌላውን ምክር ሁሉ እርሺው፤ ትሉን የሚገድለው ያው ቢራቢሮዋን ነው የሚገድለው።

ወቅቱን በተመለከተ ክረምቱ ፎቶ የለውም ማለት ይቻላል፤ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም። መስከረም አጋማሽ ላይ ፀሐይ ስትከፍት ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ የኔ ምርጥ ጊዜ ነው። ያኔ ብርቱካንማና ጥቁር ዝንጉርጉር ሆና ፈጥና የምታልፍ ካየሽ ቫኔሳ ካርዱዪ ልትሆን ትችላለች። ይቺ ዘሯ ከአውሮፓ ሰሃራን አቋርጦ ወደኛ በኩል የሚመጣ፣ በትውልድ ቅብብል ደግሞ የሚመለስ ነው። አንዷ እኛ ሎሚ ላይ ስታርፍ ሻይ ላቀርብላት ምንም አልቀረኝም።

ስም ለማወቅ አይናቹራሊስት የሚባለውን መተግበሪያ እጠቀማለሁ። ፎቶ ትጭኛለሽ፣ የሚያውቁ ሰዎች ስሙን ይነግሩሻል። የክንፉን ላይም ታችም አንሺ፤ አንዱ ብቻ ብዙ ጊዜ አይበቃም። እግሩም ይታይ፤ አራት ብቻ ከመሰለሽ አልተሳሳትሽም፣ በአንዱ ትልቅ ወገን የፊተኞቹ ሁለቱ አጥረው ደረቱ ላይ ተጣጥፈዋል። ቤትሽ ስለሆነ ቦታውን መደበቂያውን መጫን እንዳትረሺ፤ አለበለዚያ የግቢሽን በር ለዓለም አሳየሽ ማለት ነው።

አሁን የኛ ሎሚ ላይ ሁለት ቅርፊት ተንጠልጥሏል፤ አንዱ ትናንት መጥቆር ጀምሯል። የጎረቤት ልጅ ገና ከትምህርት ቤት ሳይደርስ «ቢላቻው ወጣ?» እያለ በአጥሩ ይጮህብኛል፤ ቢላቻ በኦሮምኛ ቢራቢሮ ነው። አንቺም ነገ ጠዋት ለጋዎቹን የሎሚ ቅጠሎች ገልብጠሽ እዪ። የወፍ ኩስ ካገኘሽ በእንጨት ጫፍ ቀስ ብለሽ ነካ አድርጊው፤ ከተንቀሳቀሰ ፎቶውን እዚህ ለጥፊልኝ።