«አንገቴ ላይ ያለው ይበቃኛል»

ለኩላሊት እጥበት ፊስቱላ በተሠራበት (ደም ሥሮቹ በቀዶ ሕክምና በተገናኙበት) እጄ ሰዓት ማሰር እችላለሁ?
አይቻልም። በዚያ ክንድ ግፊትም አይለኩ፤ ደምም አይስጡ።

እናቴ አንገቷ ላይ ለእጥበት የገባ ቱቦ (ካቴተር) አላት፤ ጸበል ካልወሰድሽኝ እያለች ነው።
ይውሰዷቸው፤ መጠመቁ ግን ይቅር። ካቴተሩ የገባበት ቦታ ከረጠበ ተህዋስ ወደ ደም የሚገባበት በር ያገኛል። ጥቂት ቢጠጡ ግን ምን ይላል? ለቀን ከተፈቀደላቸው ፈሳሽ ላይ ይታሰብ እንጂ፤ ካህኑ በሃይላንድ ሞልተው ቢሰጧቸውም።

ካቴተር ያላቸው አንዲት አንባቢ እጥበት በተጀመረ ቁጥር ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ማታ ያተኩሳቸዋል። ጎረቤት «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታላቸዋለች።
ለጎረቤትዎ ምስጋና ይድረሳት። እርስዎ ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ነገ አላልኩም! ካቴተር ያለው ሰው ብርድ ብርድ ካለውና ካተኮሰው፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የሚጠረጠረው ካቴተሩ ነው። ደምዎ ለካልቸር (ተህዋስ እንዳለበት ለሚያሳይ ምርመራ) ይወሰዳል፤ መድኃኒቱም በደም ሥር ይሰጣል። ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አይነካካዎት።

የሐዋሳው አንባቢ ካቴተር ካስገቡ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ሐኪማቸው ፊስቱላ እናሥራ ቢላቸው፣ «ይሄኛው መርፌ የለው፤ ምን አጥፍቼ ነው የምቀደደው?» ብለዋል።
ይገባኛል። በየእጥበቱ ሁለት ወፍራም መርፌ ማንንም አያጓጓም። ካቴተር ደግሞ በገባበት ቀን ይታጠቡበታል። ፊስቱላ ትዕግሥት ይፈልጋል፦ ክንድ ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ደም መልሱ እስኪሰፋና እስኪጠነክር ወር ተኩልም ሦስት ወርም ይፈጃል። የኒውዮርክ ሐኪሞች በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት ዘዴ ነው፤ ለአብዛኛው ታማሚ ዛሬም የሚስተካከለው የለም። ከደረሰ ዓመታት ያገለግላል። ጠዋት ጠዋት በጣትዎ ይነኩታል፣ ይነዝራል። ንዝረቱ የጠፋ ቀን ወደ ሐኪም ነው።

ካቴተሩ ግን ጫፉ ልብዎ ዘንድ፣ ጭራው ደረትዎ ላይ የተንጠለጠለ ፕላስቲክ ነው። ኢንፌክሽን ይስባል፤ ደም ይረጋበታል። የባሰው ግን የማይታየው ነው፦ ሲቆይ የተቀመጠበትን ደም ሥር ያጠብባል። ያኔ በዚያ ወገን ፊስቱላ ማሠራትም ያስቸግራል። አንዱ አንገት ሲዘጋ ሌላው፣ ከዚያ ብሽሽት። ከዚያስ?

ልባቸው የደከመ ወይም ደም ሥራቸው የቀጠነ ሰዎች ካቴተሩ ይሻላቸው ይሆናል። እርስዎ ከነሱ መሆን አለመሆንዎን በአልትራሳውንድ ይታዩና እንነጋገር።

ካቴተሩ ተስቦ ቢወጣስ?
መልሰው እንዳይከቱት! ይተኙ፤ የወጣበትን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብለው ይያዙት፤ ሰው ይጥሩና ድንገተኛ ክፍል ያድርስዎት።