የሌላ አጥቢያ ደብዳቤ ይዤ ሴሚናሪ ብገባስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጌታ ይባርክዎት። በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ፤ ባንክ ቤት ነው የምሠራው። በነገረ መለኮት ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ሳመለክት የቤተ ክርስቲያን የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ሽማግሌዎቻችን ግን «ገና ዓመትህ ነው፣ ትንሽ አገልግል» አሉኝ። ሌላ አጥቢያ መጋቢ የሆነ ጓደኛዬ እጽፍልሃለሁ ብሏል። ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አካውንቲንግ መማርህ አያሳስብህ። ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ የሚባለውን ፕሮግራም ብዙ ሴሚናሪዎች በየትኛውም ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው ይሰጣሉ። ቀድሞ ነገረ መለኮት ያልተማረውን የማይቀበሉ ማስተርሶችም ስላሉ ግን አስቀድመህ ጠይቅ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም ይጠይቁሃል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምረህ ወጪ መጋራቱን ካልጨረስክ እሱ ነው የሚያጓትትህ።

ወደ ደብዳቤው ልምጣ። ጓደኛህ በራሱ ስም «ጓደኛው ነኝ፣ በዚህ በዚህ አውቀዋለሁ» ብሎ ቢጽፍ ምንም የለበትም። በአጥቢያው ማኅተም «አባላችን ነው፣ እዚህ ያገለግላል» ካለ ግን የሐሰት ምስክርነት ነው። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንድ ወጣት ፎርም ይዞ መጣ። ማመልከቻው የሚዘጋው በማግስቱ ነበር። ፎርሙ «አመልካቹን ለምን ያህል ጊዜ ያውቁታል? ሲታረም እንዴት ይቀበላል?» ይላል። እኔ ደግሞ «የአባትህ ስም ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ሁለታችንም አፈርን። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሲቀመጥ ከማየቴ በቀር የምመሰክርለት ነገር አልነበረኝም።

የሐዋርያት ሥራ 18ን አንብብ። አጵሎስ የእስክንድርያ ሰው ነው፤ ንግግር ያውቃል፣ መጻሕፍትን ያውቃል፣ በመንፈስም ይቃጠላል። ግን የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። አቂላና ጵርስቅላ በጉባኤ ፊት አላሳፈሩትም፤ ወደ ራሳቸው ወስደው አስረዱት። ወደ አካይያ መሄድ ሲፈልግ ወንድሞች፣ የዚያ ደቀ መዛሙርት እንዲቀበሉት ደብዳቤ ጻፉለት። ቅደም ተከተሉን አየኸው? ያንን የመሰለ ተናጋሪ እንኳ መጀመሪያ ታረመ፣ ደብዳቤው ከዚያ መጣ።

ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ ነጻ አይደሉም። በእኛ ቤት «ትንሽ አገልግል» ማለት 6 ወርም 6 ዓመትም ሊሆን ይችላል። ተመለስና በትሕትና ጠይቃቸው፦ የት ላገልግል? ማን ይከታተለኝ? መቼ ታዩኛላችሁ? ቁርጥ ያለ ቀን ይስጡህ። ካልሰጡህ ለመጋቢው ንገር፤ ይህ አመፅ አይደለም።

እስከዚያ ግን የልጆች ክፍል ግባ። መምህር የማይጎድለው የልጆች ክፍል አላየሁም። ደብዳቤህን የሚፈርመው ሽማግሌ ልጅም ምናልባት እዚያው ተቀምጦ ይሆናል።