ኮምፒዩተር ሲዘገይ ደጋግሞ የመጫን ልማድ፦ ለተነሣው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጠያቂያችን ያነሡት ጉዳይ ሁለት ነገር የያዘ ነው። የመጀመሪያው፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦችዎ ኮምፒዩተሩ ጥቂት በዘገየ ቁጥር ማውሱን እየደጋገሙ መጫናቸው፣ ሪፍሬሽ (ገጹን እንደገና ማሳየት) ማብዛታቸውና በመጨረሻም የማብሪያ ቁልፉን ይዘው በግድ ማጥፋታቸው ማሽኑን ይጎዳው እንደሆነ ማወቅ ነው፤ ሁለተኛው፣ እርስዎም ቀስ በቀስ እንደ እነርሱ እየሆኑ ስለ መጡ ከልማዱ የሚላቀቁበትን መንገድ መፈለግዎ ነው። ለብዙ ዓመታት በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች በኮምፒዩተር ጥገናና ድጋፍ ስለሠራሁ፣ በየጠረጴዛው ያየሁትን መሠረት አድርጌ እመልሳለሁ።

በቅድሚያ ባልደረቦችዎን ትዕግሥት የለሽ ብሎ መውቀሱ ተገቢ አይመስለኝም። ሰው ጠይቆ ምላሽ ሲያጣ ደግሞ ይጠይቃል፤ ማሽኑም ትእዛዙን መቀበሉን የሚያሳይ ምልክት ካልሰጠ ተጠቃሚው «አልሰማኝም» ብሎ መድገሙ የሚጠበቅ ነው። ጉዳዩ ባለሙያዎች ከጥንት ጀምሮ ያጠኑት ነው። የኮምፒዩተር ኩባንያው የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ሮበርት ሚለር በ1968 እ.ኤ.አ. በዚሁ በምላሽ መዘግየት ላይ ጽፏል፤ የኮምፒዩተር አጠቃቀም ቅለት ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰንም በ1993 እ.ኤ.አ. ነገሩን በሦስት ልኮች አስቀምጦታል። በ0.1 ሴኮንድ ውስጥ የመጣ ምላሽ ወዲያው የተፈጸመ ይመስላል፤ እስከ 1 ሴኮንድ ያለውን ተጠቃሚው ቢያስተውለውም ሐሳቡ አይቋረጥም፤ 10 ሴኮንድ ሲያልፍ ግን ልቡ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ያሉት አሮጌ ማሽኖች አንድ የኤክሴል ፋይል ለመክፈት ከዚህ ሁሉ በላይ ስለሚቆዩ፣ እጅ ወደ ማውሱ ቢመለስ አይገርምም።

ችግሩ መደጋገሙ መዘግየቱን የሚያብስ መሆኑ ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን እና በላዩ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ የሚያነብ ክንድ አለው። አንድ ፕሮግራም ብቻ ሲከፈት ክንዱ በአንጻራዊነት በቅደም ተከተል ያነባል፤ አራት ነገር በአንድ ጊዜ ሲታዘዝ ግን አብዛኛው ጊዜው ከቦታ ቦታ በመዛወር ያልቃል። ከዚህም ሌላ፣ ማሽኑ ስታክ አድርጎ ሳለ የተጫኑት ክሊኮች ብዙ ጊዜ አይጠፉም፤ ዊንዶውስ በወረፋ ይዟቸው ይቆይና ፕሮግራሙ ሲነቃ አንድ በአንድ ያስፈጽማቸዋል። በዚህ መካከል «ልሰርዘው ወይ?» የሚል መጠየቂያ ብቅ ብሎ ከሆነ፣ ለሌላ ነገር የታሰበው ክሊክ «አዎ» በሚለው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ፋይሌ በራሱ ጠፋ ብለው ከመጡልኝ ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር።

ከሁሉ የከፋው የፕሪንተር ነገር ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የፋይናንስ ክፍል በደመወዝ ሰሞን የተለመደ ነገር ነበር፤ ወረቀት ያለቀበት ፕሪንተር ዝም ሲል ሠራተኛዋ የደመወዝ ዝርዝሩን ደግማ ደጋግማ ትልካለች፤ ከዚያ ተነሥታ ወደ ሌላ ጉዳይ ትሄዳለች፤ ሌላ ሰው መጥቶ ወረቀት ሲጨምር የሠራተኛው ሁሉ ደመወዝ በብዙ ቅጂ በኮሪደሩ ላይ ይወጣል። እያንዳንዱ የኅትመት ትእዛዝ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ወረፋ ስለሚይዝ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አያፋጥነውም። ከመድገም በፊት በስክሪኑ ታችኛ ጥግ፣ ከሰዓቱ አጠገብ የምትታየውን የፕሪንተር ምስል ከፍቶ ወረፋውን ማየት ይበቃል፤ የተላከው እዚያ ካለ ጥፋቱ የወረቀት፣ የቀለም ወይም የገመድ ነው።

ሪፍሬሽን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የታመመ ማሽን የሚፈውስ ጸበል አድርጎ ይቆጥረዋል። በዴስክቶፕ ላይ ኤፍ 5 መጫን የሚሠራው አይኮኖቹንና የአቃፊውን ይዘት እንደገና ማሳየት ብቻ ነው፤ ሜሞሪ አያስለቅቅም፣ ፍጥነትም አይጨምርም። ጉዳት ስለሌለው ማንንም ከልክዬ አላውቅም። በኢንተርኔት ገጽ ላይ ግን ነገሩ ይለያል፤ እያንዳንዱ ሪፍሬሽ አዲስ ጥያቄ ወደ ሰርቨሩ (ገጹን ወደሚያቀርበው ማዕከላዊ ኮምፒዩተር) ይልካል። የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚለቀቅበት ቀን በየደቂቃው ሪፍሬሽ የሚያደርገው ሕዝብ፣ የተጨናነቀውን ሰርቨር ይበልጥ ያጨናንቀዋል። የክፍያ ገጽ ላይ ሲሆን ደግሞ ያው ክፍያ ሁለት ጊዜ ሊላክ ስለሚችል፣ ከመድገም አስቀድሞ የሂሳቡን እንቅስቃሴ ማየት ግድ ነው።

በግድ ማጥፋት ለጠየቁት ጉዳት ትክክለኛው መልስ የሚገኝበት ነው። የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሴኮንዶች ይዞ ማቆየት ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል፤ በሜሞሪ ላይ ያለና ገና ወደ ዲስኩ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት የራሱን መዋቅር የሚጠግንበት መዝገብ ስላለው ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይነሣል፤ በፋይሉ ውስጥ የነበረው ጽሑፍ ግን ያንን ዋስትና አያገኝም። አፕዴት እየተጫነ ሳለ ከተደረገ ደግሞ ማሽኑ ጨርሶ አልነሣ ሊል ይችላል። አንድ ፕሮግራም ለ5 ሴኮንድ ያህል መልስ ካልሰጠ ዊንዶውስ ራሱ «ኖት ሪስፖንዲንግ» የሚል ጽሑፍ ይለጥፍበታል፤ ይህ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ትልቅ ኤክሴል እያሰላ ሊሆን ይችላል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ደግሞ ፈጣን ማስነሻ በበራባቸው ማሽኖች ላይ «ሻት ዳውን» የሥርዓቱን ከፊል ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ስለሚዘጋ፣ የተበላሸ ነገር እንዲጸዳ ከፈለጉ «ሪስታርት» ይምረጡ።

ከእነዚህ ልማዶች ሁሉ እኔ የምደግፈው አንድ ነው፤ እርሱም ኮንትሮልና ኤስን እየደጋገሙ ሴቭ ማድረግ። መብራት ያለ ማስጠንቀቂያ በሚጠፋበት ቦታ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) በሌለው ማሽን ላይ፣ ወርድ በራሱ የሚያደርገው ሴቭ በተለመደው አሠራር በየ10 ደቂቃው ብቻ እንደሚሠራ የሚያውቅ ጸሐፊ በየዓረፍተ ነገሩ ሴቭ ቢያደርግ አይሳቅበት።

ስለ እርስዎ ስለ ራስዎ፣ «ታገሥ» የሚል ምክር ሲሠራ አላየሁም። የሠራው ማሽኑ ምን እያደረገ እንደሆነ የሚታይበትን ቦታ ማሳየት ነው። አንድ ጊዜ ከተጫኑ በኋላ እጅዎን ከማውሱ ላይ ያንሡና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን (የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን መስኮት) ይክፈቱ፤ የዲስኩ ወይም የሲፒዩው (የማሽኑ ዋና አስሊ ክፍል) ቁጥር የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው፤ ሁሉም ዜሮ አካባቢ ቆሞ ለብዙ ደቂቃ ከቆየ ያንን ፕሮግራም ብቻ ከዚያው መዝጋት ይችላሉ። ቁጥሩን የማየት ልምድ ከያዙ ሰዎች ላይ የመደጋገሙ ልማድ በአብዛኛው እየቀነሰ ሄዷል።

ለባልደረቦችዎ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ሳህን በሌለው ፈጣን ዲስክ መቀየር ነው። በሠራሁባቸው ቦታዎች ይህ ሲደረግ ማንም ሳይመከር ደጋግሞ መጫኑ ቀርቷል፤ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት ባይችል እንኳ ወጪው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ከማሽኑ ጋር አብረው የሚነሡትን የማያስፈልጉ ፕሮግራሞች ከታስክ ማናጀር ስታርታፕ ገጽ ላይ ማጥፋት ደግሞ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። የማሽኖቹን ሞዴልና የራም (የሜሞሪ) መጠን ቢጽፉልን፣ ራምም መጨመር ያስፈልግ እንደሆነ ለመናገር ይቀልላል።