ኩፍኝ ከለቀቀው በኋላ፦ ሲስተርን ጠይቁ

ሲስተር፦ ሰላም ወሎዬዎች። ደሴ ህፃናት ክፍል 22 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ፣ ዛሬ ኩፍኝ ይዟቸው ስለዳኑ ልጆች ጠይቁኝ። እድሜውን ሳትጽፉ ግን አትጠይቁ፣ የመድኃኒት መጠንም እዚህ አልናገርም።

የሐይቋ እናት፦ ሲስተርዬ ልጄ 3 ዓመቱ ነው፣ ኩፍኙ ከለቀቀው ሁለት ወር ሆነው ግን ከዛ ወዲህ አንዴ ሳል አንዴ ተቅማጥ አንዴ ጆሮው፣ በፊት እንዲህ አልነበረም፣ ጎረቤት ዓይን ነው ይለኛል

ሲስተር፦ ዓይን አይደለም እቱ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ሰው ሁሉ ሽፍታው ሲጠፋ ያበቃ ይመስለዋል እኮ። የኩፍኝ ቫይረስ የሚገባው ሰውነት ያለፈን በሽታ የሚያስታውስባቸው ሴሎች ውስጥ ነው፣ ልጁ ታሞም ተከትቦም የተማረውን መከላከል ያስረሳዋል። ሆላንድ ውስጥ ያልተከተቡ ልጆች ደም ከኩፍኝ በፊትና በኋላ ተመርምሮ በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ ከነበራቸው አንቲቦዲ፣ ማለት በሽታን የሚዋጋው የደም መከላከያ፣ ከ11 እስከ 73 በመቶው ጠፍቶ ነው የተገኘው። ዳነ ብለን የሸኘነው ልጅ በሳንባ ምች ተመልሶ የሚመጣው ለዚህ ነው፣ እስከ 2 እና 3 ዓመትም ሊቆይ ይችላል። ክብደቱን አስለኪ፣ የቀረው ክትባት ካለ አስጨርሺ። ጆሮው መግል ካለው አትዘግዪ፣ መስማት የሚያሳጣው እሱ ነው። ቫይታሚን ኤ ሁለት ቀን ወስዷል?

የሐይቋ እናት፦ አንድ ቀን ብቻ ነው የሰጡት

ሲስተር፦ ካርዱን ይዘሽ ሂጂና ንገሪያቸው። ሁላችሁም ስሙ፣ ኩፍኝ ለያዘው ልጅ ቫይታሚን ኤ ዛሬ አንድ፣ በማግስቱ አንድ። ዓይኑ ከተነካ ከሳምንታት በኋላ ሦስተኛ አለ።

የመርሳ ልጅ፦ ሲስተር ልጄ ደህና አይደለም ምን ላድርግ

ሲስተር፦ ስንት ዓመቱ? ምኑን ነው? ከላይ ምን አልኩ?

አያ ከኩታበር፦ እኛን ሁላችንንም ይዞናል፣ ቡና እየተፈላ ጨለማ ቤት ተኝተን፣ ኩፍኝ መርፌ አይወድም ተብሎ፣ ይኸው አለን

ኮምቦልቻ፦ የሞቱት አይጽፉማ አያ

አያ ከኩታበር፦ ታላቅህን አክብር አንተ። ቡናው ምን አደረገህ?

ወልድያ፦ ቡናው በጨው ነው በስኳር? 😄

ኮምቦልቻ፦ በስኳር የሚጠጣማ ወሎዬ አይደለም

ሲስተር፦ ቡናችሁን ሌላ ቦታ አፍሉ! አያ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በ77ቱ ድርቅ በየመጠለያው ልጆቻችንን የጨረሳቸው ርሃቡ ብቻ አልነበረም፣ ኩፍኝም አብሮ ነበር። ብርሃን ከከበደው ቤቱን አጨልሙለት፣ ምግብና ጤና ጣቢያ ግን አትከልክሉት። ዓይኑ ላይ የጡት ወተትም ቅጠልም እንዳታደርጉ። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ላይ ኩፍኝ ሲጨመር ያለችውን ቫይታሚን ኤ ይጨርስበታል፣ ዓይኑ ይቆስላል፣ ሲድን ጠባሳው ያሳውረዋል። ማታ ዳፍንት ከጀመረው በዛው ቀን ውሰዱት። ቫይታሚን ኤ ሁለት ቀን፣ ደግሜ ተናገርኩ።

ደሴ ፒያሳ፦ ክትባቱ ስንቴ ነው?

ሲስተር፦ በ9 ወርና በ15 ወር።

ደሴ ፒያሳ፦ የ9 ወሩን ወስዷል አይበቃም?

ሲስተር፦ ሁለት ነው ያልኩት።

መምህር ከወረኢሉ፦ ከዓመታት በኋላ ጭንቅላት ይነካል የሚባለው እውነት ነው?

ሲስተር፦ እውነት ነው፣ ግን በጣም ጥቂት ልጆች ላይ። ቫይረሱ አንጎል ውስጥ ተደብቆ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት ቆይቶ ይነሳል፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የያዛቸው ላይ ይብሳል። ፀባዩ ይለወጣል፣ ትምህርት ይከብደዋል፣ ከዛ ሰውነቱ ድንገት ድንገት ይወራጫል። የሚያድነው መድኃኒት የለም። ጎበዝ የነበረ ልጅ እንዲህ ሲሆን ሰነፈ ብለህ አትለፈው መምህር።

ወልድያ፦ ኮቪድስ ልጆች ላይ?

ሲስተር፦ የዛሬው ኩፍኝ ነው።

የሐይቋ እናት፦ አሏህ ያክብርሽ ሲስተርዬ፣ ከገበያ በኋላ ሐሙስ እወስደዋለሁ

ሲስተር፦ ጆሮው መግል አለው የለውም? አልመለስሽልኝም።

የሐይቋ እናት፦ ትንሽ ትራሱ ላይ

ሲስተር፦ ታዲያ ምን ሐሙስ አለው፣ አሁን ተነሺ።